አለቃ ትምህርት ቤት ሲመርጥ

«ግድ የለም፣ ተዉት፤ እዚያው ይቀመጥ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛቸው ሥር እያዩ።

ከጠረጴዛው ሥር የገባው አለቃ ነው። ጉልበቱን አቅፎ፣ ጀርባውን ለእንጨቱ ሰጥቶ፣ በአፍንጫው ቀጭን ዜማ ያንጎራጉራል። አባቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። ታላቅ እህቱ ቃጭል ደግሞ ልጁ ወዲያና ወዲህ የወረወራቸውን ጫማዎች ሰብስባ ጭኗ ላይ ይዛለች።

ቃጭል አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ይህን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ገና በእቅፍ ሳለች ድምፅዋ ሦስት ቤት ተሻግሮ ይሰማ ነበርና። ለወንድሟም ያወጣው እሱ ነው። ልጁ መራመድ እንደ ጀመረ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሆዱን ገፋ አድርጎ፣ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ይዞር ነበር፤ ልክ የሕንጻ ሥራ እንደሚቆጣጠር ሰው። አባት ያንን ባየ ቁጥር «አለቃ መጡ! ሥራ ያዙ!» እያለ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰዋል። ስሙ በዚያው ጸና።

አለቃ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው፤ አፉን ግን አልፈታም። አንዲት ሐኪም «ልጃችሁ ኦቲዝም አለበት፤ ለሱ የሚሆን ትምህርት ቤት ፈልጉለት» ካለች ወዲህ ያልተንኳኳ በር የለም። አንዱ ትምህርት ቤት «ቦታ ሞልቷል» አለ፤ በመስኮቱ ግን ባዶ ወንበሮች ይታዩ ነበር። ሌላው «እኛ ቅር አይለንም፣ የሌሎቹን ልጆች ወላጆች ፈርተን ነው» አለ። ሦስተኛው ተቀበለና በዚያው ቀን፣ ገና በመጀመሪያው እረፍት፣ «ኑና ውሰዱልን» ብሎ ደወለ።

ይኸኛው ግን ሌላ ነው። ግድግዳው መስታወት፣ ሣሩ በፀጉር አስተካካይ የተከረከመ ይመስላል። አባትዬው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትምህርት ቤቱን የጠቆመው የስምሪት ኃላፊው ነበር። የኃላፊው የወንድም ልጅ እዚሁ ትማራለች።

«ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ልዩ ክፍል ከፍተናል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ከአፋቸው ማር ጠብ ይላል። «ከጠዋት እስከ አመሻሽ እኛው ዘንድ ይውላል። በራሳችን አውቶቡስ ከደጃፍዎ ወስደን ደጃፍዎ እንመልሰዋለን። በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ አፉን እናስፈታዋለን።»

«ይናገራል ማለት ነው?» አለ አባት።

«አባዬ ብሎ ይጠራዎታል።»

አባት መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተና መልሶ አወጣው።

የቃጭል ልብ ግን «ከጠዋት እስከ አመሻሽ» የምትለው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። የሷ ትምህርት እኩለ ቀን ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ የአለቃ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጁን ጎረቤታቸው ትይዝላቸዋለች፤ እናት የስፌት ድርጅት ትውላለች፤ አባት ከረፋድ እስከ ምሽት ባለው ፈረቃ ላይ ነው። የመረብ ኳስ አሰልጣኛቸው ባለፈው ሳምንት ቃጭልን ጠርታ «ቁመቱም እጁም አለሽ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ መምጣት ካልቻልሽ ግን ቡድን ውስጥ አላስገባሽም» ብላታለች። ጓደኛዋማ «አቦ ቃጭል፣ ይሄን ካሳለፍሽው ፋራ ነሽ!» ብላ እጇን ጠምዝዛታለች።

አሁን መላ መጣ። ደስ ሊላት ሲገባ አንድ ነገር ቅር አላት፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቃ ወጣች።

መተላለፊያው ጭር ብሏል። ስንት በር አልፋ ስትሄድ ድምፅ አልሰማችም፤ ልጆች ያሉበት ሕንጻ አልመስል አላት። ከአንዱ በር ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታክል መስታወት ነበረች። አለፍ እንዳለች ተመልሳ አየች።

ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በየጠረጴዛቸው ተደርድረዋል። ከአንዲት ትንሽ ልጅ ኋላ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። የልጅቷ እጆች ተነስተው በአየር ላይ ሊርገበገቡ ሲሉ፣ ሴትዮዋ በራሷ መዳፎች ጠረጴዛው ላይ ተጫነቻቸው። እንደገና ተነሱ፤ እንደገና ተጫነቻቸው። ከጎኗ ያለው ልጅ ሲያንጎራጉር የያዛት መጫወቻ ከእጁ ተወስዳ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። ልጁ አለቀሰ። ቃጭልን ውርር ያደረጋት እሱ ነው፦ ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም። ለቅሶውንም ውጦ ማልቀስ ተምሯል።

አለቃ ደስ ሲለው እንደዚያች ልጅ ነው። ውሃ እንደነካው ሰው እጆቹን ያራግፋል።

ስትመለስ አባቷና ርዕሰ መምህሩ እየተጨባበጡ ነበር። «እንግዲህ ሰኞ ነው!» አለ አባቷ ፊቱ በርቶ። ወደ ቤት ሲሄዱ አለቃን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ለመንገደኛው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ፣ በፉጨት ያዜም ጀመር። እንዲህ ሆኖ ካየችው ቆይታለች። ቃጭል አፏ ላይ የመጣውን ዋጠች።

ማታ እናት ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ወሬውን ሰማች። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። በከተማው ውስጥ ያለው ተማሪ እኩሌታው የሚለብሰው በሷ እጅ ያለፈ ነው፤ ለራሷ ልጅ ግን አንድም ቀን ዩኒፎርም ሰፍታ አታውቅም። ለሱ የምታደርገው ሌላ ነው፦ የአንገት ማርካ ሁሉ እንደ እሾህ ስለሚወጋው ከየልብሱ ላይ በምላጭ ታነሳለታለች።

«የነሱን ሠርቼ አውቃለሁ፤ ባለ ክራቫት ነው» አለች። የሜትር ክሯን አውጥታ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ የአለቃን ትከሻ ለካች።

«አንቺም አረፍሽ፣ ቃጭሌ» አለ አባት። «ከእንግዲህ ከሰዓት በኋላሽ የራስሽ ነው።»

ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ምናልባት ሴትዮዋ ያን ቀን ተናዳ ይሆናል። ምናልባት ልጆቹ ይለምዱታል። ቃጭል እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል፣ አለቃ መስኮቱ ጋ ቆሞ ገመድ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች በነፋስ ሲማቱ ያያል። አንሶላዎቹ ተነፉ። እሱም እጆቹን አነሳና አርገበገበ፤ በጣቶቹ ጫፍ ሳይቀር ሳቀ።

«አባዬ፣ እዚያ ትምህርት ቤት አይግባ» አለች።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምን አልሽ?»

ያየችውን አንድ በአንድ ነገረችው፦ ግድግዳውን፣ መዳፎቹን፣ ድምፅ የሌለውን ለቅሶ። አባቷ ሲሰማ ቆየና ከመቀመጫው ተነሳ።

«ስንቱ ፊት ነስቶናል! አሁን አንዱ በሩን ሲከፍት አንቺ ልትዘጊው ነው? ሥርዓት እያስያዙ ይሆናላ! እኔም የተማርኩት እየተቆነጠጥኩ ነው።»

«እና ወደድከው?»

እናት ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ሳቋን ይሁን ክሩን መያዟ አልታወቀም። አባት ግን አልሳቀም። መልሶ ተቀመጠ፤ ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆነ።

«አንድ ቀን አባዬ እንዲለኝ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ብቻ። የስንቱን ሰው ልጅ ስጭን ሳወርድ እውላለሁ፤ ሁሉም አባዬ፣ አባዬ ይላል። ይኼ ለኔ ሲሆን ብዙ ነው?»

ቃጭል አባቷን እንደዚህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ስትመልስ፣ እንኳን ሦስት ቤት ማዶ፣ እዚያው ክፍል ውስጥም በቅጡ አልተሰማችም።

«ይጠራሃል እኮ፣ አባዬ።»

«አትቀልጂ።»

«እውነቴን ነው። ሁላችንንም ይጠራናል። ለኔ አጭር ናት፣ እምም ይላል። ለእማዬ ወጣ ገባ ያደርጋታል። ላንተ ደግሞ ወፈር ያለች፣ ከደረቱ የምትወጣ አለችው።»

«እኔ ሰምቼ አላውቅም።»

«እንዴት ትሰማዋለህ?» አለች እናት። «የምናውቀው እኛ ነን። ደረጃው ሥር ኮቴህን ሲሰማ ይጀምራል፤ በሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። አንተ ስትከፍት ዝም ይላል። መጣሃ! የመጣ ሰው ይጠራል እንዴ?»

አባት ልጁን አየ። አለቃ አንሶላዎቹን እያየ ነው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«የምታውቅ መስሎኝ» አለች ቃጭል።

እናት የምትሰፋውን አጠፈችና ጎኗ አስቀመጠች። «እኔም አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው አንዲት መምህርት ድርጅታችን መጥታ ነበር። ማርካ የሌለው፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የተገለበጠ ዩኒፎርም ሥሩልኝ ብላ አዘዘች። ይህን ያህል ዘመን ስሰፋ እንዲህ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። ከየት አወቀችው ብዬ ገርሞኝ፣ ስለ አለቃ አንስቼ ነበር። አምጪው አለችኝ።»

«የት ነው የምታስተምረው?»

«ከናንተ የአውቶቡስ ጋራዥ ኋላ ያለው።»

«ያ ግድግዳው የተላላጠው? የመንግሥቱ?» አባት ፊቱን አጨማደደ። «ለዚያ ነው ያልነገርሽኝ።»

«ለዚያ ነው።»

አባት አገጩን ሲያሻሽ ቆየ። «እሺ፤ እናየዋለን። ቃል ግን አልገባሁም። ካልጣመኝ ሰኞ እዚያው ይገባል።»

በማግስቱ አራቱም ሄዱ። ግድግዳው በርግጥ ተላልጧል፤ የጥበቃው ወንበር ሦስት እግር ብቻ ስለነበረው በድንጋይ ተደግፏል። ግቢው በልጆች ጩኸት ይናጣል። አለቃ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ በቃጭል ቀሚስ ውስጥ ሊገባ ቃጣው። አባት እናትን ገላመጣት፤ «አላልኩሽም?» ማለቱ ነው።

የመምህርቷ ክፍል ግን ከግቢው ጀርባ፣ ከጩኸቱ ራቅ ብሎ ነው። ወለሉ ላይ ያረጀ ምንጣፍ አለ፤ ከግድግዳው ላይ በካርቶን ላይ የተለጠፉ ትልልቅ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፦ ውሃ፣ ኳስ፣ ሽንት ቤት፣ የተዘረጋ መዳፍ። አንድ ልጅ ጥግ ላይ በትራስ ተከቦ ተኝቷል። አንዲት ባለ ወፍራም መነጽር ልጅ የብስክሌት ጥሩምባ ይዛለች። መምህርቷን ሁሉም «እቴቴ» ይሏታል። ሸምገል ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። አለቃን አልጨበጠችውም፣ «ማነው ስምህ?» ብላም አላፋጠጠችው። ራቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና የጠርሙስ ክዳኖችን በየቀለማቸው መለየት ጀመረች።

«አታናግረውም እንዴ?» አለ አባት በሹክሹክታ።

እቴቴ ሰምታዋለች። «ቤቱን ይየው መጀመሪያ» አለች። ከዚያ ወደ ቃጭል ቀና ብላ «ደስ ሲለው ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀቻት።

እስከ ዛሬ የሄዱበት ሁሉ የጠየቋቸው የማይችለውን ነበር፦ አይናገርም? አይቀመጥም? አይታዘዝም? «እጁን ያራግፋል» አለች ቃጭል። «እንዲህ።»

«እሰይ። እንግዲህ ሲያራግፍ ካየሁ ሥራዬ ሠመረ ማለት ነው።»

አለቃ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሉን ዞረ። ትራሱን ነካ፤ መስኮቱን አየ፤ ክዳኖቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። በዚህ መሀል ባለ መነጽሯ ልጅ ጥሩምባዋን ጨመቀችው፤ *ፓፕ!* አለቃ ጮኸና ጆሮውን ደፈነ። አባት ሊነሳ ሲል እቴቴ በእጇ «ቆይ» አለችው። የተዘረጋ መዳፍ ያለበትን ካርቶን ከግድግዳው ነቅላ አለቃ አጠገብ አኖረችና፣ በራሷ ጣት ነክታው፣ «በቃ» አለች። ልጅቷ ወዲያው ጥሩምባውን አወረደች።

ጥቂት ቆይታ ግን፣ ልጅ አይደለች፣ ደግማ ጨመቀችው። እቴቴ ካርቶኑን ብቻ ወደ አለቃ ገፋ አደረገችው። አለቃ አላያትም፤ ካርቶኑንም ያየው አይመስልም። እጁ ግን ከጆሮው ላይ ወረደና ሥዕሉን በመዳፉ *ጧ!* አደረገው።

ጥሩምባው ጸጥ አለ።

አለቃ ልጅቷን አየ። ካርቶኑን አየ። እንደ ገና ልጅቷን አየ።

«ዝም አለችለት» አለ አባት፣ ራሱን ሳያውቅ ጮክ ብሎ።

«በዚህ ቤት በቃ ከተባለ በቃ ነው» አለች እቴቴ። «ለኔም ቢሆን። መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህችን ነው። በቃ ማለት ያልቻለ ልጅ እባክህ ማለትን ምን ያደርግለታል?»

አለቃ ሄዶ ጥሩምባውን ከልጅቷ ወሰደ። ሁሉም ሊወረውረው ነው ብለው ጠበቁ። እሱ ግን አንጎራጎረ፤ ወፈር ያለችዋን፣ ከደረት የምትወጣዋን። ቀጥ ብሎ ሄደና ጥሩምባውን ለአባቱ እጅ ሰጠው።

አባት ቃጭልን አየ። «እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

ዕድሜ ልኩን ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ሹፌር ጥሩምባ ይዞ እንደማያውቅ ሰው አገላብጦ አየው። በመጨረሻ በስሱ ጨመቀው። *ፓፕ።* አለቃ ሮጦ ካርቶኑን መታ። አባት አቆመ። አለቃ ፈገግ አለ። አባት ጨመቀ፤ አለቃ መታ፤ አባት አቆመ። ከዚያ አባት ያላቆመ መስሎ ትንሽ አሳለፈ፤ አለቃ ካርቶኑን በሁለት እጁ ደጋግሞ ደበደበው። «በቃ፣ በቃ ጌታዬ! ሰማሁ!» ብሎ አባት እጁን ወደ ላይ ሲሰቅል፣ አለቃ ከትከት ብሎ ሳቀ፤ እጆቹንም ጣራው ላይ ውሃ የሚረጭ እስኪመስል አራገፋቸው። ተኝቶ የነበረው ልጅ ከትራሱ መሀል ቀና ብሎ አያቸው። እናት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጨዋታው ሲያበቃ አባት ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጦ ነበር። «ይናገራል?» አለ እያለከለከ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«አላውቅም» አለች እቴቴ። «የማላውቀውን ቃል አልገባም። የሚፈልገውን ግን ይነግርሃል። መንገዱ ብዙ ነው።» ቀጥላም «ለጊዜው ግማሽ ቀን ነው የምቀበለው፤ እንዳይሰለቸው። ከሰዓት የሚያውቀው ሰው አብሮት ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች።

ቃጭል ልምምዱን አሰበች፦ ከመረቡ ማዶ ያለው ሜዳ፣ አሰልጣኟ፣ ጓደኛዋ። ቢሆንም ወንድሟ ካርቶኑን አቅፎ ነበርና «እኔ አለሁ» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባት ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ከሷ ጎን ሄደ።

«ልምምዱ በየትኛው ቀን ነው?»

«የምን ልምምድ?»

«ሙድ አትያዢብኝ። እናትሽ ነግራኛለች።»

ቃጭል እግሯን አየች። «አይ፣ ይቅር። ብዙም አልፈልገውም።»

«ውሸት አይሆንልሽም፤ ድምፅሽ ያሳጣሻል» አለ አባት። «ፈረቃዬን ወደ ጠዋት አስቀይራለሁ። ወፍ ሳይንጫጫ እወጣለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ወርጄ እወስደዋለሁ። ከሰዓቱ የኔና የሱ ነው።»

«ቢደክምህስ?»

«አለቃ ባሉበት ማን ደከመኝ ይላል?»

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ደወሉ። አባት ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ሰማ። ስንቱ ወላጅ ወረፋ እንደያዘ፣ ይህን ዕድል ያሳለፈ ሰው እንዴት እንደሚጸጸት ነገሩት። «አመሰግናለሁ ጋሼ፤ እኛ አግኝተናል» አለ። ሊዘጋ ሲል ግን ስልኩን መልሶ አስጠጋው። «አንድ ነገር ልለምንዎ። የልጆቹን እጅ ልቀቁላቸው።» ቃጭል ያየችውንም ለስምሪት ኃላፊው ነገረው። ሰውየው ተቀይሞ ሰላምታ ነፈገው። ሳምንት አልፎ ግን ለትምህርት ቤቱ ሳይናገር ሄዶ በዚያች የበር መስታወት አየ። ወር ሳይሞላ እጆቿ የሚርገበገቡት ትንሽ ልጅ፣ የወንድሙ ልጅ፣ የእቴቴ ምንጣፍ ላይ ነበረች።

እናት ለአለቃ የሰፋችው ዩኒፎርም ስፌቱ ሁሉ በውጭ ነው። ያየው ሁሉ «ገልብጦ ነው የለበሰው» ይላል፤ እሷም «ያላወቀ አይፈርድም» ብላ ታልፋለች።

ሁሉም ነገር እንደ ማር የጣፈጠ አልነበረም። አለቃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫማውን ከመስኮት አውጥቶ ወርውሯል፣ በሩ ላይ ተንከባልሎ አልቅሷል፣ አንድ ቀንም የእቴቴን እጅ ነክሷል። ቃጭልም ልምምድ ላይ ኳሱ አፍንጫዋን መትቷት ለሁለት ቀን ድንች መስላ ከርማለች። ይሁንና እሱ ውሃ ሲፈልግ ሥዕሉን አምጥቶ መስጠት ተማረ፤ ለእናቱ «እንደገና» የሚለውን ሥዕል አሳይቶ የተኮረኮረበት ቀን ቤቱ በደስታ ታመሰ። ቃጭልም ቡድን ውስጥ ገባች። አለቃ ከአባቱ ጋር ሜዳው ዳር ተቀምጦ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ ኳሱን በዓይኑ ይከተላል።

ዝናቡ ወጣ ገባ በሚልበት አንድ ጠዋት እቴቴ «ዛሬ ሥዕል ትምህርት ላይ ከሌሎቹ ጋር ይግባ» አለች። አለቃን እስከ ክፍሉ ያደረሰችው ቃጭል ናት። የሥዕል አስተማሪው ወጣት ነው፤ ቀለም የነካው ሸሚዙን ወደታች እየጎተተ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ከኋላው ልጆች ወንበር እየጎተቱ ይንጫጫሉ። አንድ ባለ ፍንጭት ልጅ ከጎኑ ያለውን ወንበር በእጁ መታ መታ አድርጎ አለቃን አየው።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ» አለ አስተማሪው ዝግ ባለ ድምፅ። «እንደሱ ያለ ልጅ አስተምሬ አላውቅም። እህቱ ነሽ አሉ። ማወቅ ያለብኝን ሁሉ ንገሪኝ።»

ቃጭል አፏን ከፈተች። የምትለው ሞልቷል። ይህን ይወዳል፣ ያንን ይጠላል፣ እንዲህ ሲያደርግ እንዲህ ማለቱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በሄዱበት ሁሉ እሱን ስታስተረጉም የኖረች ምላስ ናት፤ አሁንም ተንደርድራለች። አለቃ ግን እጁን ከእጇ አውጥቶ ወደ ውስጥ እያየ ነበር። ከዚያ እሷን ሳይጠብቅ ገባ።

«ጥቂት ይጠብቁት» አለች። «እሱ ራሱ ይነግርዎታል።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ወደ ራሷ ትምህርት ቤት ሮጠች።